በሰላም አርፏል

ለምወድሽ እትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ፣ ወገብሽ፣ ያ የሚያስቸግርሽ የእጅሽ አንጓስ እንዴት ነው? ጆሮሽስ? ባለፈው ደብዳቤሽ የግራው ጨርሶ እንደተዘጋ፣ በቀኙም የምትሰሚው የጋሼን ማንኮራፋት ብቻ እንደሆነ ጽፈሽልኝ ብቻዬን ስስቅ ውዬ ነበር። ጋሼስ ደኅና ናቸው? የእማማ ዓይን ተሻለው ወይ? የግቢያችሁ ውኃ መጣ ወይስ አሁንም በጀሪካን ነው? እኔ በአካል ደኅና ነኝ። እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ እንቅልፍም ይወስደኛል። የሚገርመኝ የእንቅልፉ ነገር ነው።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ የሚዛን ወንድም ነው፣ የጭነት መኪና ሾፌሩ። ዛሬ ይነሣል፣ ነገ ማታ ወይም ከነገ ወዲያ ጠዋት ከእናንተ ይደርሳል። ቆመሽ እንዳታነቢው። ተቀመጪ፣ መነጽርሽን አድርጊ፣ ድስትም ጥደሽ እንደሆነ አውርጂ። መጨረሻው ላይ አደራ አለብሽ። አደራው ከገና ጠዋት በፊት ካልተፈጸመ ዋጋ የለውም።

ካውያ ሞታለች እትዬ። አዎ፣ ያቺ ካንቺ ሁለት ፌርማታ ርቃ የምትኖረው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች ፀጉርሽን የምትሠራልሽ ልጅ እናት። ልጅቷ እስካሁን አታውቅም። እናቷን የገደልኳት ደግሞ እኔ ነኝ። ፖሊስ የሚመጣበት ዓይነት አገዳደል አይደለም፤ ፖሊስ ቢመጣበት ይሻለኝ ነበር።

ስለ እኛ ስለ አራታችን ያልጻፍኩልሽ ጊዜ የለም፤ ቢሆንም ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና ከመጀመሪያው ልነሣ። በሆቴሉ ምድር ቤት፣ በልብስ ማጠቢያው ውስጥ፣ ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ሠርተናል። ሚዛን ከየክፍሉ የሚወርደውን ልብስ ትመዝናለች፤ ለልብስም ለሰውም ግማሽ ኪሎ አታሳልፍም። መርፌ የተቀደደውን ትሰፋለች። ካውያ ትተኩሳለች። እኔ ከማሽን አወጣለሁ፣ አሰጣለሁ። ግን ስምንተኛ ክፍል የደረስኩት እኔ ብቻ ስለሆንኩ ዋናው ሥራዬ ማንበብ ነው። የሐኪም ወረቀታቸውን፣ የልጆቻቸውን መልእክት፣ አለቃችን በር ላይ የሚለጥፈውን ማስጠንቀቂያ የማነብላቸው እኔ ነኝ። ጋዜጣ ብለው ስም ያወጡልኝ ለዚያ ነው። ስሙን እወደው ነበር።

ትልቁ አንሶላ ለብቻ አይታጠፍም። ሁለት ሴቶች ፊት ለፊት ቆመው ጫፍ ጫፉን ይይዛሉ፣ ይወጥሩታል፣ ያራግፉታል፣ ከዚያ ይጠጋጋሉ። ጫፎቹ ሲገናኙ እጅ ለእጅ ይነካካል፣ ዓይን ለዓይን ትተያያለሽ። በመካከላችን ክፉ ወሬ የሚነገረው እዚያ ላይ ነው። ማንም አልደነገገውም፤ እንዲያው ሆኖ ቀረ። መርፌ ባሏ ጥሏት መሄዱን የነገረችን በአንሶላ ጫፍ ነው። ሚዛን ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች ጊዜም እንዲሁ። የምትናገረዋም ሆነች የምትሰማዋ ጉልበቷ ቢከዳት እጇን የያዛት ሰው አለ።

መረዳዳቱንስ እንችልበት ነበር። ሚዛን ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ስትመለስ አንድ ዓመት ሙሉ ቅርጫት አላነሳችም። እኛ እናነሳለን፤ አለቃችን ብቅ ሲል እሷ እጀታውን ይዛ ታቃስታለች። ማቃሰቱን ከማሳመሯ የተነሣ አንድ ቀን አለቃችን ራሱ ሊያግዛት መጥቶ ወገቡ ተይዟል። ገና ሲቃረብ ደግሞ አራት እሑድ፣ አራት ቤት ነው። በየተራ የአንዳችንን ቤት አራታችን እናጸዳለን። መጋረጃ እናወርዳለን፣ ፍራሽ እናወጣለን፣ ከአልጋ ሥር የተገኘውን እያሳየን ባለቤቷን እናበሽቃለን። የዘንድሮው አራተኛ እሑድ የካውያ ነበር።

የካውያ ወንዱ ልጅ ባሕር ማዶ በግንባታ ሥራ ላይ እንደነበር ታውቂያለሽ። ከሁለት ወር በፊት ከመወጣጫው ላይ ወድቆ እግሩና ዳሌው ተሰበረ። ስልኩም አብሮት ወድቆ እንክት አለ። ሆስፒታል ከገባ ጀምሮ ወሬውን የሚልክልን አብሮት የሚሠራ ጓደኛው ነበር፤ ያውም በእኔ ስልክ። የካውያ ስልክ ከማርጀቱ የተነሣ የአማርኛ ፊደል ሲደርሰው ሳጥን ሳጥን ብቻ ነው የሚያሳየው። መልእክት ሲመጣ ካውያዋን አቁማ፣ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ትመጣለች፤ የምትይዘው ነገር ያለ ይመስል። ዛሬ ትንሽ ምግብ ቀመሰ ብዬ አነብላታለሁ። ድገሚልኝ ትላለች። ትኩሳቱ አልወርድ ብሏልና ጸልዩ ብዬ አነብላታለሁ። ይህንንም ድገሚልኝ ትላለች።

ከትኩሳቱ ወሬ በኋላ ስድስት ቀን ምንም አልመጣም። በሰባተኛው ቀን፣ ሐሙስ ከምሳ በፊት፣ ይህ መጣ። ቃል በቃል እጽፍልሻለሁ። «እናታችን፣ ልጅሽ ዛሬ ንጋት ላይ በሰላም አርፏል። ከዚህ ሁሉ ሥቃይ ተገላገለ። ዕቃውን ሰብስበን በሰው እንልካለን። በርቺ።»

እስቲ አንቺ ብትሆኚ ምን ብለሽ ታነቢው ነበር? እኔ አንድ ጊዜ አነበብኩት፣ በቃኝ። ካውያ ከማዶ እጇን እየጠረገች ከልጄ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። የሎተሪ ማስታወቂያ ነው አልኳት። እንዲደርሰን ጸልዪ ብላ ሥቃ ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። ለገና የሚወጡት ቀያይ የጠረጴዛ ልብሶች እስከ ደረቷ ተከምረውባት ነበር።

ዓርብ እለት ሚዛንንና መርፌን ማድረቂያው ጀርባ ወስጄ አነበብኩላቸው። መርፌ አፏን በጨርቅ ይዛ አለቀሰች። ከዚያም በዓሉ ይለፍላት፣ አንድ ሳምንት ብትቆይ ምን ይጎድላል አለች። ሚዛን ግን እንደ ልማዷ መመዘን ጀመረች። ደውለሽ አጣሪ አለችኝ፤ ሰው እኮ እንዲህ ባለ ነገር አጣርቶ ነው አፉን የሚከፍተው አለች። ደውዬ ምን ልበል፣ እውነት ሞቷል ወይ ልበል፣ ብዬ ጮህኩባት። ደግሞም ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያነበብኩላችሁ እኔ ነኝ፣ ዛሬ ፊደል የምታስቆጥሩኝ እናንተ ናችሁ ወይ አልኩ። ሚዛን ዝም አለች። ፊደል ሲነሣባት ሁልጊዜ ዝም ትላለች፤ እኔም አውቄ ነው ያነሣሁባት።

መርፌን ደግሞ፣ እሑድ ቤቷን ለበዓል እያጸዳን፣ የልጇን አልጋ እያነጠፍን፣ እሷ ስትዘፍን እኛ ልናያት ነው ወይ አልኳት። ከእንዲህ ያለ ጭካኔስ እውነቱ ይሻላል አልኩ። ደግ ሰው መሆኔ ነበር እትዬ። በዚያች ደቂቃ ከሦስታችን ደጓም አዋቂዋም እኔ እንደሆንኩ በሙሉ ልቤ አምኜ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት የሚለቀም አይደለም።

ቅዳሜ ሁሉን በወጉ አደረግን። ግፊት እንዳለባት ስለምናውቅ መርፌ ምሳዋን እንድትጨርስ ቁጭ ብላ ጠበቀቻት። ሚዛን ኪኒኗን አስታወሰቻት። እኔ ካውያውን ከሶኬቱ ነቅዬ አራቅሁት። ከሥራ ልንወጣ ስንል የመጨረሻውን አንሶላ እኔና እሷ ያዝን። ሁለቱ ከጀርባዋ ቆሙ። ወጠርን፣ አራገፍን፣ ተጠጋጋን። ጫፎቹ ሲገናኙ እጇን አልለቅ ስላት ፊቴን አየችኝና አወቀች። ልጄ ነው አለች። አዎ አልኳት።

አልጮኸችም። እንዴት ብሎ ነው የጻፈው፣ አንብቢልኝ አለች። በቃሌ ይዤው ነበርና ሳላወጣ ነገርኳት። ድገሚልኝ አለች። ደገምኩላት። ከዚያ እትዬ፣ ፊቷ ላይ አንድ ነገር በራ። አርፏል ነው ያለው፣ አለች። አረፈ ማለት እኮ ተኛም ማለት ነው፣ ደረሰም ማለት ነው፤ በሰላም ብሏል፣ ሞተ አላለም፤ አንቺዬ ልጄ ደርሶ ይሆናል፣ አለች። አንድ ፊደል የማትለይ ሴት ናት ይህን ያለችኝ።

እኔ ምን አልኳት መሰለሽ? የለም እኅቴ አልኳት። እጇን ጥብቅ አድርጌ ይዤ፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ ራስሽን አታታልዪ፣ እንዲህ ሲጻፍ ሞቷል ማለት ነው፣ ዕቃውን እንልካለን የሚለውስ ምን ማለት ይመስልሻል አልኳት። ሌላ በር ስትፈልግ ያን በር ዘጋሁባት። ሌላ ስትፈልግ እሱንም ዘጋሁት። ለደግነት ነበር።

መጀመሪያ የግራ አፏ ወደ ታች ወረደ። ልትናገር ፈለገች፣ ምላሷ ተሳሰረ። ከዚያ ወደ እኔ ወደቀች። ጣቶቿ የአንሶላውን ጫፍ ጨምድደው ስለያዙ አልላቀቅ አሉ፤ በአንሶላው አድርገን ይዘናት ወጣን። ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሷል አሉን። ፀሐይ ሳትጠልቅ አለቀች። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ፤ የእኛ ድር ያሰረው ጓደኛችንን ነው።

እስከዚህ ያለው ስሕተት ነው። ሰው ይሳሳታል። ከዚህ ቀጥሎ የምጽፍልሽን ግን አንቺ ብቻ ነሽ የምታውቂው፤ መርፌም ሚዛንም አያውቁም።

እሑድ ጠዋት ቀብሩን ለሰው ለመናገር ስልኬን ሳነሣ መልእክት አልልክ አለኝ። ሳጥኑ ሞልቷል። ለካ ያ ስድስት ቀን ወሬ የጠፋው ለዚያ ኖሯል። ሐሙስ እለት አንዱን ማስታወቂያ ስላጠፋሁ ነበር አንድ መልእክት ብቻ ሾልኮ የገባው። የሎተሪውን፣ የዘፈኑን፣ የቅናሹን ማስታወቂያ ሁሉ ጠራርጌ ሳጠፋ የቆየው ተራ በተራ መግባት ጀመረ። ትኩሳቱ ወረደ። ተቀመጠ። በክራንች ቆመ። ከዚያም ረቡዕ የተላከው እንዲህ ይላል። «እናታችን፣ እልል በይ። ዛሬ በአውሮፕላን እንሸኘዋለን። ሲያርፍ እጽፍልሻለሁ። ከዋናው ከተማ ሦስት ቀን ዘመድ ቤት ሰንብቶ እሑድ ቀትር ላይ በአውቶቡስ ይደርሳል፤ መናኸሪያ ጠብቂው። ሻንጣ መያዝ ስለማይችል ዕቃው ኋላ ይመጣል።»

አየር ማረፊያ የሚባለውን ቃል አላውቀውም? ዕድሜ ልኬን ስለው የኖርኩት ቃል ነው።

ይህን ሳነብ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነበር። ቀብሩ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። አፌን ብከፍት፣ ልጇ በሕይወት አለ፣ ቀትር ላይ ይደርሳልና ጠብቁት ብል፣ ሁለት ሰዓት እንኳ ብናቆያት፣ ፊቷን ያያት ነበር። የመኪናውን ሰዓት ማዘግየት ምን ከባድ ነገር አለው? ፈራሁ። ሚዛን ደውለሽ አጣሪ ያለችኝ ትዝ አለኝ። የሰው ሁሉ ፊት ወደ እኔ ሲዞር ታየኝ። ስልኩን አጥፍቼ ኪሴ ከተትኩና አስከሬኗን ለመሸኘት ወጣሁ። አፈር ሲመለስባት እሱ መናኸሪያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ እናቱን እየጠበቀ ነበር። እኔ ብቻ አውቅ ነበር። እያወቅሁ ከሁሉ ይልቅ ጮኼ አለቀስኩ።

ከቀብር ስንመለስ ቤቷን ለለቀስተኛ ማዘጋጀት ጀመርን። አራተኛው እሑድ ነበርና የምናደርገው ያው የምናውቀውን ነው፤ መጋረጃ አወረድን፣ ፍራሽ አወጣን። ዘጠኝ ሰዓት ሲል በክራንች እያነከሰ በበሩ ገባ። አንድ እግሩ በጀሶ ነው። ግርግሩን አይቶ ሣቀ። ይሄ ሁሉ ለእኔ ነው ወይ አለ። ቀጠለና እኔን አየኝ። ጋዜጣ፣ ወሬዬ ቀድሞኝ ደረሰ ማለት ነው፣ መናኸሪያ ሁለት ሰዓት አስጠበቃችሁኝ እኮ፣ እማዬስ የት ናት አለ። መርፌ በድንጋጤ የያዘችውን ወንበር ለቀቀች። እሱን ሞተ ብለን አልቅሰንለት ነበርና አንዲት ጎረቤት ስታየው መንፈስ መስሏት እየጮኸች በጓሮ ወጣች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ካውያ ይህን ስታወራ ጥርስ አታስከድንም ነበር።

የነገርነው እኛ ሦስታችን ነን። ቃሉ አሳስቶን ነው አልን። የረቡዑን መልእክት አላነሣሁም። ያለቀሰ አልመሰለኝም፤ እንዲያው ፊቷን እንኳ አለና ቃሉን ሳይጨርስ አልጋዋ ላይ ወጥቶ ወደ ግድግዳው ዞረ። ለእኅቱ እስከዚያ ደፍሮ የነገራት አልነበረምና ሰኞ እሱ እንዲጽፍላት ብለን ስልኬን ሰጠነው። ብዙ ቆየ። የጻፈውን ኋላ አየሁት። «ደርሻለሁ። እማዬ አርፋለች» ይላል። ሞታለች ማለት አቅቶት ነው። ምነው ሌላ ቃል በጠፋ።

መልሱ ወዲያው መጣ። «እሰይ፣ እንኳን አረፈች! አንተ እስክትመጣ መቼ ዓይኗን ከድና ታውቃለች። አትቀስቅሷት፣ ትተኛ። የገና ጠዋት ደውዬ ድምፅዋን እሰማለሁ።» አንብቦ ስልኩን መለሰልኝና እንደገና ወደ ግድግዳው ዞረ። እስከ ዛሬ አንድ ቃል አልተናገረም።

ሥራ ቦታ ያው ነው። አለቃችን ከበዓል በፊት ፈቃድ የለም ብሎ ሰኞ ሌላ ሴት ካውያው ላይ አቁሟል። አንድ አንሶላ ጎድሏል ብሎም ጠየቀን። እኔው አጥቤ፣ እኔው ተኩሼ መለስኩለት። ለብቻዬ ስለሆነ ያጠፍኩት ተጣሟል።

የሚያስጨንቀኝ ግን ይሄ ሁሉ አይደለም። ጓደኞቼ ናቸው። መርፌና ሚዛን እኔን ማስታመም ይዘዋል። ሻይ ያቀርቡልኛል፣ ዳቦ ይቆርሱልኛል፣ ቅርጫቴን ከእጄ ይነጥቁኛል። ሚዛን፣ ያቺ ግማሽ ኪሎ የማታሳልፈው ሚዛን፣ ለመጣ ለሄደው ሁሉ ሦስታችንም ተመካክረን ነው የነገርናት፣ የጋዜጣ ጥፋት ለብቻዋ አይደለም ትላለች። ከሦስት አንዱን ሸክም እሷ ወሰደች፣ አንዱን መርፌ። ትናንት ከሥራ መልስ ሁለቱም ቤቴ መጥተው ዘንድሮ አጸዳድሽ አላማረም ብለው ወለሌን እንደገና አጠቡ። እኔ አልጋ ላይ ተቀምጬ አየኋቸው። ስልኩ ኪሴ ውስጥ ነበር። ቢሰድቡኝ እችለው ነበር፤ ይሄንን ግን አልቻልኩም።

እንግዲህ አደራዬ ይኸው። ወደ ልጅቷ ሂጂ። የገና ጠዋት ስልክ ሳትደውል ድረሺባት፤ ወንድሟ አንሥቶ ዝም እንዳይላት። እኔ በስልክ አልነግራትም፤ በስልክ የመጣው ይበቃኛል። አንሶላ አጥፋለሁ ብለሽ እጇን እንዳትይዢ። እጅ መያዛችን ምን እንዳደረገ አይተሻል። ወንበር ላይ አስቀምጫትና ንገሪያት። አረፈች እንዳትዪያት። ተለየችን፣ አሸለበች፣ ሄደች እንዳትዪያት። እናትሽ ሞተች በያት። ድገሚልኝ ካለችሽ ድገሚላት።

የቀረውንም ንገሪያት። ወንድሟ በሕይወት እንዳለ አውቄ ቀብሩን እንዳላስቆየሁ፣ መናኸሪያ ተቀምጦ ሲጠብቅ አውቅ እንደነበር፣ አንድም ሳታስቀሪ ንገሪያት። እሷ ለወንድሟ ትነግረዋለች፣ እሱም ለእነመርፌ። ዞሮ እኔ ዘንድ እስኪመጣ እጠብቃለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ወሬ ያነበብኩ ሴት የራሴን ማንበብ አቃተኝ፤ ፈሪነቴ አሁንም እንዳልለቀቀኝ አንቺም ታዪዋለሽ።

ለጋሼ ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፤ ማንኮራፋቱንም ይቀንሱ በያቸው። ለእማማ ዓይናቸውን ፀሐይ እንዳያዩበት ንገሪልኝ። ኮሌጅ የገባው ጎረምሳ ደብዳቤ ሲጽፍልኝ ቃላቱን እንዳያሳጥር፣ ሙሉውን እንዲጽፍ አጥብቀሽ ምከሪልኝ። ትንሿን ሁለት ጉንጯን ሳሚልኝ፤ አክስትሽ በዓል ስትመጣ ትነግርሻለች ያልኳትን ተረት ግን አትጠብቀኝ። ለጎረቤትሽም ለባለሱቁም ሰላምታ አቅርቢልኝ።

ለካውያ ልጅ ግን ከእኔ ሰላምታ እንዳታደርሺ። ከእኔ የሚደርሳት አንድ ቃል ብቻ ነው፤ እሱን ሳታሳምሪ ስጫት።

እኅትሽ፣
ከሆቴሉ ምድር ቤት፣ ከማጠፊያው ጠረጴዛ፣
ታኅሣሥ ፳፮ ቀን፣ ገና ሦስት ቀን ሲቀረው